ጋቢዬ ከእኔ ቀድሞ አገሩ ገባ

የሄድኩበት ማታ እናቴ አላለቀሰችም። ለቅሶ ለሞተ ነው፣ በቁሙ ላለ ማልቀስ ሟርት ነው ብላ ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ዋለች። ሲመሽ ጋቢውን አመጣችው። አባቴ ከመሞቱ በፊት የሸመነው የመጨረሻ ልብስ ነው። አንድ ጥጉ ላይ ፍም ዘሎበት ስለተቃጠለ በቀይ ክር ጥፋዋለች። ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችውና «ለብሰኸው ሂድ፣ ለብሰኸው ና» አለችኝ። ታናሽ ወንድሜ ደመቀ ከግድግዳው ጥግ ተቀምጦ ጋቢውን ያያል። እሱ ያለችው የተበሳሳች ነጠላ ብቻ ናት።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ለምን እንደሄድኩ ታውቃላችሁ። የአባቴ የሽመና ጉድጓድ ባዶውን ነበር። ታላቅ ልጅ ነኝና እግሬን እዚያ ውስጥ ከትቼ ዕድሜዬን መፍጀት የእኔ ፋንታ ነበር። እኔ ደግሞ ከቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ለቅሜ፣ ግጥም እየገጠምኩ ገበያተኛ የማስቆም ሰው ነበርኩ። አዲስ አበባ ግጥም ሊሰማ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው አለ ሲሉኝ ማን ያስቀምጠኝ! ጉድጓዱን ለደመቀ ልተወው ብል እናቴ እሺ አላለችም። «ቦታህ ነው፣ ይጠብቅሃል» አለች።

ከደሴ በካሚዮን፣ በማሽላ ጆንያ ላይ ተኝቼ መጣሁ። ጣርማ በር ላይ ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ሲገባ ጋቢውን እስከ ዓይኔ ተከናነብኩና ለእናቴ ምስጋና አቀረብኩ። ጉለሌ ደግሞ ሌላ ብርድ ቆየኝ። የእኛ አገር ብርድ ፊት ለፊት መጥቶ ይመታሃል። የዚህኛው ከባሕር ዛፉ ሥር ሾልኮ፣ በበር ሥር አድርጎ፣ እንደ ሐሜት ይገባል። ሰውም እንደዚያው ነው። «እንደምን አደርክ» ይልሃል፣ መልስህን ሳይሰማ ያልፋል። እኔ ግን እንደ አገሬ ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ልጆቹ ልጠይቀው ከኋላው እሮጥ ነበር።

ቤት ያከራዩኝ እትዬ ዘነበች ናቸው። በራቸው ላይ አቁመው መረመሩኝ።

«አገርህ ወዴት ነው?»

«ከደሴ ማዶ።»

«አባትህስ ምንድን ናቸው?»

«ሸማኔ ነበሩ።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ውይ፣ በቃ! ጉድጓድ ልትቆፍርብኝ ነዋ! ሽሮ ሜዳ እህቴ ቤት የተከራየ ሸማኔ ወለሉን ቆፍሮ ግድግዳው ዘመመባት።»

«እኔ አልሸምንም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ትሠራለህ?»

«ግጥም እገጥማለሁ።»

ትንሽ አሰቡ። «እሱ ጉድጓድ አይፈልግም?»

«አይፈልግም።»

«በማርያም በል!»

በእንጦጦ ማርያም ምዬ ገባሁ።

ሥራ ያገኘሁት አንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ የተማሪዎች ማደሪያ ጽዳት ላይ ነው። ተማሪዎቹ ማታ ማታ ግጥም እንደሚያነቡ ሰምቼ ስለነበር መጥረጊያውን እንደ ሹመት ተቀበልኩት። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ጉድ አየሁ። ተማሪዎቹ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ሲሄዱ ኮሌታው ያለቀ ሸሚዝ፣ ጉልበቱ የሳሳ ሱሪ፣ ኮት ሳይቀር አልጋ ሥር ወርውረው ይሄዳሉ። ያ ሁሉ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ተከምሮ ላምባ ይርከፈከፍበትና ይነዳል። በእኛ አገር ልብስ የሚቃጠለው ሰው በፈንጣጣ ሲሞት ነው። ደንግጬ ወደ ዘበኛው ሮጥኩ።

«ምን በሽታ ገባ?»

«ዕረፍት ገባ» አለኝ።

ይህን እሳት ያስቆሙት አንዲት ፈረንጅ መምህር ናቸው። ሁላችንም ማዳም እንላቸዋለን። የልብስ ክበብ አቋቋሙ። የተጣለው ይሰበሰባል፣ ይታጠባል፣ ይጣፋል፣ በካውያ ይተኮሳል፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታጠፍና በሲባጎ ይታሰራል። መስከረም ላይ ከየጠቅላይ ግዛቱ ብርድ ልብስ እንኳ ሳይዙ ለሚመጡ አዲስ ተማሪዎች ይሰጣል። እኔን ከመጥረጊያው አንስተው ካውያ አስያዙኝ። «የማትለብሰው ልብስ ሌላ ሰው ላይ ብርድ ነው» ይሉ ነበር በተሰባበረ አማርኛቸው። እውነት ነው። የነደደውን ያህል ልብስ ሰው ለበሰ፤ ይህን ማንም አይክደኝም።

ክፋቱ የመጣው ከኮቶቹ ነው። ፊታቸው ያለቀባቸውን ኮቶች ልብስ ሰፊው ይፈታቸውና ይገለብጣቸዋል። ውስጡ ውጭ ሲሆን ኮቱ አዲስ ይመስላል፤ ግን የደረት ኪሱ ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራል። ተማሪዎቹ ይህን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። የክበቡን ኮት የለበሰ ሁሉ ስሙ «ቀኝ ኪስ» ሆነ። «ቀኝ ኪስ፣ ጨው አቀብለኝ!» «ቀኝ ኪስ፣ ዛሬ የማንን እጅ ከተትክ?» አንድ የሐረርጌ ልጅ ኅዳርን በሸሚዝ ብቻ ተንቀጥቅጦ ጨረሰ፤ ኮቱን ግን አልነካውም።

ለእኔም ማዳም አንድ ሰጡኝ። ቡናማ ነው፣ ይሞቃል። የጣለው መኮንን የሚባል የሕግ ተማሪ እንደሆነ ያወቅሁት በግጥሙ ማታ ነው። ለምኜ፣ ደጅ ጠንቼ፣ መጨረሻ ላይ ካነበቡት ቀጥሎ እንድቆም ተፈቀደልኝ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አፌን ስከፍት መኮንን ከመሐል ተነሣ።

«ኮቴ ሆይ፣ በርታ! እኔ ስለብስህ አንድ ስንኝ አልወጣህም ነበር!»

አዳራሹ ፈረሰ። እኔም በሳቁ ውስጥ አነበብኩ፤

ኮቱ ገላዬን ለመደው፣ ገላዬ ኮቱን አያውቅም፣
ከሰው ትከሻ የወረደ ከሰው ምላስ አይርቅም።

ማንም አልሰማም።

ያን ሰሞን ነው ጋቢው ትዝ ያለኝ። ኮት ካለኝ ጋቢው ሣጥን ላይ ምን ያደርጋል? የማትለብሰው ሌላ ሰው ላይ ብርድ ነው። ደመቀ በዚያች ነጠላ እንዴት ክረምቱን እንደሚወጣ አሰብኩ። ክበቡ ባስተማረኝ መሠረት አጠብኩት፣ ተኮስኩት፣ አራት ማዕዘን አድርጌ አጠፍኩት፣ በሲባጎ አሰርኩት። ወደ ደሴ ለሚሄድ ካሚዮን ረዳት ሰጠሁና «ለወንድሜ ለደመቀ ነው፣ ካሳው ደህና ነው በልልኝ» አልኩት። በዚያ ቀን በራሴ ኮርቼ ዋልኩ።

ከዚያ ወራት ቆይቶ አንድ እሑድ፣ ቤቴ ውስጥ ሆኜ ዳቦ ስቆርስ፣ ደጅ ላይ የእትዬ ዘነበች ጩኸት ተሰማኝ። በበሩ ስንጥቅ ሳይ የእናቴ ወንድም ይመር ነው፤ ራሱን ተላጭቷል፣ ጥቁር ለብሷል።

«የካሳው አጎት ነኝ፣ እመቤቴ። አፈሩን ልየው ብዬ ነው የመጣሁ።»

«የምን አፈር?»

«የት ነው የተቀበረ?»

«እኔ ግቢ ጉድጓድ አይቆፈርም! በማርያም ምሎልኛል!»

ዳቦዬን እንደያዝኩ ወጣሁ። አጎቴ አየኝና መሬት ላይ ቁጭ አለ። እግሬን ዳሰሰው። ከዚያ ተነሣና በጥፊ አጮለኝ።

«ምነው፣ በሬው ሳይታረድ ብትነሣ!»

ወገኖቼ፣ እናንተ ገና ሲባጎውን ሳነሣ ሳይገባችሁ አልቀረም። በእኛ አገር ሰው በሰው አገር ሲሞት ሬሳው አይመጣም፤ ልብሱ ነው የሚመጣው። ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ ታስሮ። ለቅሶው መሐል ይዘረጋል፣ በእሱ ላይ ይለቀሳል። ረዳቱ ጋቢውን ደሴ ገበያ ላይ ለአንድ የአገራችን ሰው ሰጠው፤ ያም ለሌላ ሰጠው። ጋቢው ከእጅ እጅ ሲሻገር ቃሌ መንገድ ላይ ወደቀ። ይህን ወግ እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። እጄ ግን የክበቡ እጅ ሆኖ ነበር።

«እናቴ ስታየው ምን አለች?» አልኩት።

«ለብሰኸው ና ብዬው ነበር፣ አለች።»

ተዝካሬ ወጥቷል። ከለቅሶው በኋላ ጋቢውን ደመቀ ለብሶታል። አባቴ የሽመና ጉድጓድ ውስጥም ደመቀ ገብቷል።

በማግስቱ ፈቃድ ልጠይቅ ወደ ግቢው የሠራተኞች ሹም ቀረብኩ። ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጠው ጥፍራቸውን ይሞርዳሉ።

«ፈቃድ ለምን?»

«ለለቅሶ፣ ጌታዬ።»

«ማን ሞተብህ?»

«እኔ።»

ሞረዱን አስቀመጡት። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ ይህን አልክድባቸውም።

«ደንቡ ለእናት፣ ለአባት፣ ለሚስትና ለልጅ ይላል። ለራስ ለቅሶ ፈቃድ የለም። ብትሄድ ካውያውን ሌላ ይይዘዋል።»

እዚያ ቦታዬ ተይዟል፣ ከሄድኩ እዚህም ይያዛል። ስለዚህ አጎቴን ለመንኩት። በሚመጣው ሰኞ ገበያ እናቴን ወደ ደሴ ያምጣት፣ ስልክ ቤት ያቁማት፤ ድምፄን ትስማ፣ ይበቃል።

በሳምንቱ ሰኞ ስልክ ቤት፣ የመነጋገሪያው ሣጥን ውስጥ ገብቼ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ንፋስ የመሰለ ነገር ይነፍሳል። ከዚያ ትንፋሿን ሰማሁ።

«እማዬ! እኔ ነኝ፣ ካሳው!»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አጠበቅሁት።

«እማዬ?»

«የእኔ ልጅ ልብሱ መጥቷል» አለች። «አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«ኧረ እኔ ነኝ! ጥጉን ፍም አቃጥሎት በቀይ ክር የጣፍሽውን…»

«እሱንማ ለቅሶ የደረሰ ሁሉ አይቶታል።» «ልጄ ከሆንክ፣ አሁን ምን ለብሰህ ነው ያለኸው?»

ራሴን አየሁ።

«ኮት።»

«የማን ኮት?»

የእኔ ልል ፈለግሁ። ኪሱ በቀኜ ነው። መኮንን የሚባል ልጅ የጣለው ነው ብዬ ለእናቴ እንዴት ልንገራት? በዚያ ማዶ ስልኩ ከእጅ እጅ ሲዞር ተሰማኝ፤ የወንድሜን ድምፅ ለየሁት።

«አብሽር ካሳው፣ እኔ አውቄሃለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ግን ተዋት። እንደ ወጉ አልቅሳ ወጥቶላታል። አሁን ከሞት ተነሥተህ መልሰህ ብትሄድባት ሁለተኛ ትቀብርሃለች… እዚያው ሁን። ጉድጓዱንም ለምጄዋለሁ።»

«ጋቢውስ?»

«ይሞቃል። እግዜር ይስጥልኝ።»

ከጀርባው የእናቴ ድምፅ መጣ። «ማነው ደመቀ?»

«ሰው ተሳስቶ ነው፣ እማ።»

መስመሩ እንደገና ነፈሰ። ያን ጊዜ የስልከኛዋ ሴት ለስላሳ ድምፅ መሐል ገባ።

«ጊዜዎ አልቋል፣ ጌታዬ። ይጨመርልዎት ወይስ ይበቃዎታል?»