ከተቃጠለ ፍሪጅ የወጡ ጫጩቶች

ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ በበዴሳ በኩል ባለፈበት ዓመት የእናቴ ዶሮዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ አለቁ። የእሷ ብቻ አይደሉም፤ በመንደሩ አንዲት ታቃፊ ዶሮ አልተረፈችም። እንቁላል ከሌላ ቦታ ቢመጣ እንኳ የሚታቀፈው የለም። ከሶዶ ስደውልላት ቦይና ስለምንለው ጎደሬ፣ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ዝናቡ ታወራኛለች፤ ስለ ዶሮዎቿ ግን አንድ ቃል አይወጣትም። ይህ ዝምታዋ አሳሰበኝ።

«የፈረንጅ ዶሮ ልግዛልሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

«እሷ እንቁላል ጥላ ትሄዳለች እንጂ መች መታቀፍ ታውቃለች? እኔ የምፈልገው የኛን ነው።»

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከስፌት መኪናዬ ሌላ ስለ ማሽን የማውቀው ነገር አልነበረም። ባለቤቴ ግን ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ግቢያችን ውስጥ ሞተሩ የተቃጠለ አሮጌ ፍሪጅ ቆሞ ነበር። ሰዎች በቤታቸው ያለ ዶሮ፣ በአምፖል ሙቀት ጫጩት ሲያስፈለፍሉ በስልኬ ካየሁ በኋላ፣ ያን ፍሪጅ ስጠኝ አልኩት።

«ሰው ሁሉ በሚያቀዘቅዝበት አንቺ ልታሞቂበት?» ብሎ ሳቀ። ቢስቅም ካቻቢቴውን አነሳ። አምፖሎች ገጠመለት፤ ሙቀቱ ሲበዛ የሚያጠፋ፣ ሲያንስ የሚያበራ መቆጣጠሪያ አበጀለት፤ ከተበላሸ ኮምፒውተር ያወጣትን ትንሽ ማራገቢያም ጨመረበት። እኔ ከታች ውኃ የሞላ ሳህን አስቀመጥኩ።

ከገበያ በገዛሁት እንቁላል ያደረግነው የመጀመሪያው ሙከራ ጉድ ሆነ። ቴርሞሜትሩን የሰቀልነው በሩ አጠገብ ነበር፤ እዚያ ልኩን ሲያሳየን አምፖሎቹ ሥር ያሉት እንቁላሎች ይበስሉ ነበር። ቀኑ ደርሶ አልፎም ምንም ሲጠፋ ሰበርናቸው። ሽታው ሰፈሩን አዳረሰ። አጥር የምትጋራን ጎረቤቴ ባየችኝ ቁጥር «እንዴት ነው፣ ቅቅሉ ደረሰ?» ትለኝ ጀመር። አብሬያት ሳቅሁ፤ ቤት ስገባ ግን አለቀስኩ።

ቴርሞሜትሩን ወደ መሃል አመጣነው፤ ማራገቢያዋንም አዞርናት። ከዚያ አረካ አጠገብ ወደምትኖረው አክስቴ ሄድኩ። በሽታው እሷ ጋ አልደረሰም። የሀበሻ ዶሮዎቿን እንቁላል በገለባ ደርድራ ቅርጫት ሞላችልኝ። ስመለስ የሚኒባሱ ረዳት ዕቃ ከኋላ ይጫን ቢለኝ ሞቼ እገኛለሁ ብዬ ጭኔ ላይ አቀፍኩት።

«ምን ይዘሽ ነው?» አለኝ።

«ጫጩት።»

«ድምፅ የላቸውም እኮ!»

«ገና አልተወለዱም።»

መኪናው በሳቅ ተሞላ። ከዚያ በኋላ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ተሳፋሪው በሙሉ «ቀስ በል፣ እርጉዝ አለች!» እያለ ሾፌሩ ላይ ይጮህ ነበር። አንድም ሳይሰበር ሶዶ ገባሁ።

እንቁላሎቹ ፍሪጁ ውስጥ ከገቡ ከሳምንት በኋላ እናቴ ዱቦ ሆስፒታል ለመታከም መጥታ ሶዶ እኛ ጋ አረፈች። መብራት የሚበራበትን ፍሪጅ አየችና ራሷን ነቀነቀች። «ልጄ፣ እናት ያላቀፈው ነገር ነፍስ አያገኝም» አለች።

መጋረጃውን ዘጋሁ፤ የስልኬን ባትሪ አበራሁ፤ አንድ እንቁላል ብርሃኑ ላይ አድርጌ አቀረብኩላት። ቅርፊቱ ውስጥ ቀጫጭን ቀያይ የደም ሥሮች ተዘርግተዋል፤ መሃል ላይ አንዲት ነጥብ ትር ትር ትላለች። ዕድሜ ልኳን ዶሮ ስታስታቅፍ የኖረች ሴት የእንቁላል ውስጥ አይታ አታውቅም። ትንፋሿን ያዘች።

«ይኼ ልቡ ነው?»

«ልቡ ነው፣ አዬ» አልኳት፤ እናታችንን በወላይትኛ የምንጠራት እንዲህ ነው።

ወንበር ጎትታ ፍሪጁ አጠገብ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቁላሎቹን ማገላበጥ የእሷ ሥራ ሆነ። እያገላበጠችም በጉሮሮዋ ቀስ ብላ «ኩክ፣ ኩክ» ትላቸዋለች።

ሊፈለፈሉ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ መጣና የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ዛሬ አይጠገንም ተባለ። ቴርሞሜትሩ እያየሁት ሲወርድ ፍሪጁ ፊት ቁጭ አልኩ።

«ምን ያስቀምጥሻል? ውኃ ጣጂ!» ብላ እናቴ ጮኸችብኝ።

ከሰል አቀጣጠልኩ። ማንደጃችን ግን አንድ ብቻ ነው። በዚህ መሃል ያቺ ጎረቤቴ ፌስታል ራሷ ላይ አድርጋ፣ ፍል ውኃ የሞላ ጀሪካን ታቅፋ በዝናቡ ገባች። «እኔ ቤት ሌላም ተጥዷል፤ ይኼን ቶሎ አስገቢ» አለችኝ። ጀሪካኑን በጨርቅ ጠቅልለን መደርደሪያው ሥር አስገባን፤ ብርድ ልብሶቼን በሙሉ ፍሪጁ ላይ ደራረብን። የቀዘቀዘውን እያወጣን፣ የፈላውን እያስገባን፣ በተራ ጠበቅን። እናቴ አንድ አንድ እንቁላል አንስታ የዓይኗን ቆብ ታስነካና «ይበቃል» ወይም «ጨምሩ» ትላለች። በማግስቱ ረፋድ ላይ መብራት ሲመጣ ሙቀቱ ልኩ ላይ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቤት የቀረችው እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። «ስሙ!» አለች። ከፍሪጁ ውስጥ ጪው ጪው የሚል ድምፅ ይመጣል። አንዱ ቅርፊት ተሸንቁሮ ትንሽ አፍ ብቅ ብሏል። ሌላው ተሰነጠቀ፤ ሌላውም። በማግስቱ ጥቂቶቹ ሲቀሩ መደርደሪያው በጥቁር፣ በቡናማና በቢጫ ጫጩት ተሞላ። እናቴ ጎንበስ ብላ «ኩክ፣ ኩክ» ስትላቸው ሁሉም እየተንደረደሩ ወደ እሷ መጡ። ጎረቤቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ባለቤቴ ፍሪጁን እንደ ሰው አቅፎ ሳመው። እኔ ደግሞ እየሳቅሁ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

ጠንከር እስኪሉ አቆየናቸው፤ አስከተብናቸው፤ ከዚያ በካርቶን ይዘናቸው ወደ እናቴ መንደር ወረድን። ካርቶኑን ለማንም አልሰጥም ብላ ራሷ ተሸከመችው። የመንደሩ ሴቶች ወሬውን ሰምተው ደጃፏ ላይ ተሰብስበዋል። እናቴ ካርቶኑን መሬት አስቀምጣ ከፈተችና ወገቧን ይዛ ቆመች።

«እነዚህን ያስፈለፈለቻቸው ልጄ ናት» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ለእያንዳንድሽ ይደርስሻል። የሚቀጥለውን ክትባት የማታስከትብ ግን እጇን እንዳትዘረጋ!»

ሴቶቹ ሁሉ እጃቸውን ዘረጉ።