ወንዱ ሸረሪት

ዘንድሮ ለመስቀል ቤት ስናጸዳ ልጄ መጥረጊያውን ወደ ግድግዳው ጥግ ስታነሣ «እሱን ተይው» አልኳት። ለሸረሪት ጥግ የሚለቅ ሰው ካላያችሁ፣ እኔ አለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ስጦታው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚያጠናው ሸረሪት መሆኑ ሲሰማ የኛው የኩልመስክ ገበያ ስቆበት ነበር። ልቡን ታሞ የመጣ ክረምት፣ ጭጋጉ ከደጃፋችን አልለቅ ብሎ፣ እሱ የገብስ ቆሎ እየቆረጠመ ከግድግዳችን ድንጋዮች መሃል የምስር ፍሬ የምታክል ሸረሪት ሲያይ ይውላል። ሆዷ ግራጫ፣ ጀርባዋ ነጭ ጠቃጠቆ፣ ስምንት ዓይኖቿ በሁለት ረድፍ። ሕመሙ ሳይጠናበት ፍላቂት ከተማም፣ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ አፍ ላይም አግኝቷታል። ከዚህ ከኛ ደጋ ውጭ ግን አላያትም።

«ስም የላትም» አለኝ። «ስም እንዲወጣላት ወንዱ መገኘት አለበት። ዝርያው የሚለየው በወንዱ አፍ ግራና ቀኝ ባሉት አጫጭር እጆች ነው፤ የቦክስ ጓንት ያጠለቁ ይመስላሉ። እሱ ደግሞ ብቅ የሚለው ክረምቱ ሲወጣ ነው።»

«አንተስ እስከዚያ...» ብዬ ቆሎውን ጨመርኩለት።

በመስከረም አንድ ማለዳ ጠራኝ። ወንዱ ከድሯ ዳር ቆሟል።

«እንዳትነኪው። መምህሬ ነገ ይመጣሉ፤ ሳይበላሽ የሚቆይበት ጠርሙስና አልኮል እሳቸው ጋ ነው። ከነድሩ ይዩት።»

እናታችን የሰማችው እንግዳ መምጣቱን ብቻ ነበር። እኛ አገር ድር ባደራበት ቤት እንግዳ መቀበል ነውር ነው። በዚያው ቀን እኔና ስጦታው ከፀበል ስንመለስ ቤቱ ተጠርጎ፣ የድንጋዩ ስንጥቅ ሁሉ በጭቃ ተመርጎ ጠበቀን።

«የተማረ ሰው መጥቶ ድር ይይብኝ?» አለች፣ ላቧን እየጠረገች።

ስጦታው ምሰሶውን ተደገፈ። «እጅሽ ይባረክ እማ፤ ቤቱ በራ» አላት። እኔን በዓይኑ ዝም አሰኘኝ።

መምህሩ በማግስቱ መጥተው ባዶ ጠርሙሳቸውን ይዘው ተመለሱ። ስጦታው ለከርሞ መስከረም አልደረሰም። ለለቅሶ የመጡት መምህሩ፣ እንደማታውቅ ሳያውቁ፣ የወንዱን ሸረሪት ነገር ለእናቴ አወሩላት። በማግስቱ የዚያን ጥግ ጭቃ በጥፍሯ ፈቅፍቃ ስታወጣ አገኘኋት። ከዚያ ወዲህ ጥጉን መጥረጊያ አልነካውም፤ ጎረቤት ሰነፍ ቢላትም። ሴቶቹ ሸረሪቶች ተመልሰው ድር አደሩበት። የእናቴ ዓይን ከደከመ በኋላ በየመስከረሙ «መጣ?» ትለኝ ነበር። ወንዱ ግን አልታየኝም። ቤቱ ለእኔ ቀረ።

ዛሬ መነጽሬን አድርጌ ተጠጋሁ። ከድሩ ዳር አንድ ቀጭን ሸረሪት ቆሟል፤ የትናንሾቹ እጆቹ ጫፍ አብጧል። አለቀስኩ። ስጦታውስ አይቶት ነው የሞተው፤ ሳታየው የሄደችው እናቴ ናት።

«መጣ፣ እማ» አልኩ።

ልጄ ከጓዳ «ማነው የመጣው?» አለችኝ።