ሚሊሜትርና ገና ያልጠራው ውሃ

ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ሲነድፍ የኖረውን ሰውዬ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ «ሚሊሜትር» ነበር የሚሉት። አላበዙበትም፤ ዳቦ እንኳ ሲቆርስ ማስመሪያ የሚፈልግ ሰው ነው።

ጡረታ ሲወጣ ተዳፋት ላይ የራሱን ቤት ሠራ። ቤቱስ ቤት ነው! ሦስቱ ክፍሎች እንደ ደረጃ ቁልቁል ይወርዳሉ። ከላይኛው ጣሪያ የሚወርደው ዝናብ በአሸንዳ ታንከር ይገባል፤ ከዚያም ያለ ፓምፕ ታች ወጥ ቤት ይደርሳል። ለሚስቱም «ከእንግዲህ አንድ ባልዲ ብትሸከሚ ከምላሴ ፀጉር ንቀይ!» አላት።

«ታንከሩ ሳይሞላ ክረምቱ ካለፈ፣» አለች ጉልበቷን የሚያማት ሚስቱ፣ «ሜዳው ላይ ካለው እህቴ ቤት እገባለሁ። አንተ ከቱቦህ ጋር ኑር።» የምሯን ነበር።

ክረምቱ ገባ፤ ታንከሩ ውስጥ ግን ጠብ ያለ ነገር የለም። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያ አቧራ ስለሚያጥብ ይደፋል፤ ይህ ደግ ነው። ሚሊሜትርም ለዚሁ ባለ ቫልቭ መድፊያ ቱቦ ገጥሞ፣ በዘነበ ቁጥር ብርጭቆ ይዞ ቫልቩ ሥር ይቆማል። ውሃውን ወደ ብርሃን አንሥቶ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል።

«ገና አልጠራም» ይላል። ይደፋል። በሁለተኛው ወርም «ገና ነው።»

ሚስቱ ብትለምነው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነውና ትታው፣ ከታች ከሚኖረው ወንድሟ ቤት እየቀዳች ዳገቱን ትወጣ ጀመር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ዶፍ ወረደ። ሚሊሜትር ጃንጥላ ይዞ ሲደፋ፣ ሚስቱ አንድ ብርጭቆ ውሃ አቀበለችው። አየው፤ ቀመሰው።

«ውሃ ማለት እንዲህ ነው! ወንድምሽ ከየት እንደሚያመጣው ጠይቂልኝ እስቲ።»

እጁን ይዛ እስከ ግቢው ጫፍ ወሰደችው። ታች፣ በመድፊያ ቱቦው አፍ ሥር፣ ስድስት በርሜል ተደርድሯል። አማቹ ወደ ላይ አንጋጦ «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! አደራ፣ እንዳይዘጉብኝ!» ብሎ ጮኸ።

ሚሊሜትር አፈረ፤ ከልቡ አፈረ። ሮጦ ቫልቩን አዞረው። ውሃው ታንከሩ ውስጥ ሲንዶቀዶቅ ቆየና፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ ዝናቡ አባራ።

«ግማሽ ነው» አለች ሚስቱ። «ቀሪውን ከወንድሜ አንተ ትቀዳለህ። እስኪሞላ እህቴን ጠብቂኝ እላታለሁ።»

በማግስቱ ሚሊሜትር የገዛ ውሃውን ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ፣ መንገዱ ሳይጋመስ ጉልበቱ ከዳው። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አንጋጦ ቤቱን አየ። ይህን ዳገት ንድፉ ላይ በአንዲት ቀጭን መስመር ነበር ያሳለፈው።