የባሌ እግርና የሞጣዋ ሴት

የባሌን እግር አሥራ ስምንት ዓመት ያጠብኩት እኔ ነኝ። የመሬት ባለሙያ ስለሆነ ገጠር ለገጠር ሲዞር ውሎ ቢቸና ቤታችን ሲገባ፣ ውሃ አሙቄ፣ ሳፋ አቅርቤ እጠብቀዋለሁ። አጥቤ ስጨርስ እንደ አገራችን ወግ አውራ ጣቱን እስማለሁ፤ እሱም ይመርቀኛል። የትኛው ጥፍሩ ወደ ሥጋ እንደሚገባ፣ ተረከዙ በየትኛው ወር እንደሚሰነጠቅ አውቃለሁ። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ለሥራ ሞጣ ሰንብቶ መጥቶ፣ «አንዲት ልጅ እግሬን አሸችልኝ፤ እንዴት ያለ እጅ አላት መሰለሽ» ሲለኝ የያዝኩት ጆግ ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

ሪፍሌክሶሎጂ ይባላል፣ እግርን ነጥብ በነጥብ እየተጫኑ ሰውነትን ማሳረፍ ነው አለኝ። ከዚያ ወዲያ ለሥራም በሰበብም ሞጣ ይመላለስ ጀመር። እኔ ውስጥ ውስጡን አረርኩ። የአንዲት ደንበኛዬን ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ እንደገና ፈታሁት። የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር ነበር። አሽታ ስትጨርስ እሷም አውራ ጣቱን ትስማለች?

አንድ ማክሰኞ የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ፣ ለደንበኞቼ ለቅሶ አለብኝ ብዬ በጠዋት የሞጣ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ምን እንደምላት ስለማመድ ሄድኩ።

ቤቷን ጠያይቄ አገኘሁት፤ ከጨርቅ ሱቆች ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አስቀያሚ ትሁን ብዬ ተስዬ ነበር። ቆንጆ ናት፤ ያውም ከኔ አሥር ዓመት የምታንስ። ግድግዳው ላይ የትልቅ እግር ሥዕል ተለጥፏል፤ ጣቶቹ ላይ «ራስ»፣ መሃሉ ላይ «ሆድ»፣ «ኩላሊት» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ለመጀመሪያ ጊዜዎ ነው?» አለችኝ። ነው አልኳት፤ የማን ሚስት እንደሆንኩ አልነገርኳትም። ስኳር ይኖርብኝ፣ እግሬ ላይ ቁስል ይኖር፣ ነፍሰ ጡርም እሆን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የምወስደው መድኃኒት ካለ በዚህ ምክንያት እንዳላቋርጥ አስጠነቀቀችኝ። «እኔ በሽታ አላድንም፤ እግርዎን አሳርፋለሁ እንጂ። ካመመዎት ዝም አይበሉ፣ ይንገሩኝ» አለች። እንከን ብፈልግባት አጣሁ፤ ይኼም አናደደኝ።

ከዚያ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይዛ ፊቴ በርከክ አለች። እግሬን ሰብስቤ ሳፋውን ልቀበላት ተነሣሁ። እጄ ሳላዘው ነው የሄደው፤ ሳፋ ባለበት አጣቢዋ ሁልጊዜ እኔ ነኛ። ልጅቷ ሳቀች።

«እትዬ፣ ዛሬ የሚታጠቡት እርስዎ ነዎት፤ ይቀመጡ።»

በአውራ ጣቷ ከተረከዜ ጀምራ ወደ ላይ ቀስ እያለች ትጫናለች። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናውን ፔዳል የሚረግጠው ቀኝ እግሬ ላይ ስትደርስ እግሬ ተወራጨ። ያዝ አድርጋ ቆየች፤ እንደገና ሸሸባት።

«የርስዎ እግር ይሸሻል» አለች። «ከቢቸና የሚመጡ አንድ ሰው አሉ፤ የሳቸው ገና ስነካው ይለቅልኛል። ብጠይቃቸው፣ ባለቤቴ በየቀኑ ታጥበኛለች፣ የሷን እጅ ለምዶ ነው አሉኝ። መነካት የለመደ እግር ያስታውቃል።»

መደሰት ነበረብኝ። ትንሽም ተደሰትኩ። ጨርሳ እግሬን በፎጣ ጠቅልላ ስትነሣ እንደማትስምም አየሁ። ቅናቴ ግን አልሄደም፤ ዞሮ ባሌ ላይ አረፈ። ያን ሁሉ ዓመት እሱ ይህን ሲያገኝ ኖሯል። የኔን እግር ከእናቴ ወዲህ የነካው ሰው የለም፤ ባሌ እንኳ። በሰው ፊት ማልቀስ አልወድም፤ አለቀስኩ። ውሃ አብዝቼ እንድጠጣ ነግራ ሸኘችኝ።

ማምሻውን ባሌ ገባና እንደወትሮው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን አወለቀ። እኔም ትይዩው ተቀምጬ ጫማዬን አወለቅኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለኝ።

«ሞጣ ሄጄ ነበር» አልኩት። «አንተ ብቻ ነህ እግር ያለህ?»

ተነሥቶ ሳፋውን ፈለገ። አሥራ ስምንት ዓመት በኖረበት ቤት የት እንደሚቀመጥ አያውቅም፤ በጣቴ አሳየሁት። ውሃ ማሞቅም አላሰበም። ተንበርክኮ ያን ቀዝቃዛ ውሃ ሲያፈስብኝ ሰውነቴ ሁሉ ተንዘፈዘፈ፤ እግሬ ግን አልሸሸም።