ጎማው ያልታጠፈ ዕለት

አብራሪውን ሰፈሩ «ዳክዬው» ይለዋል። የሚያበርራት አውሮፕላን ጎማም ተንሳፋፊም ስላላት ሜዳም ሐይቅም ላይ ታርፋለች። ወደ ደሴቶቹ ሐኪምና መድኃኒት ሲያመላልስ ነው ፀጉሩ የሸበተው።

ከመንገደኞቹ ሁሉ የሚቀርበው አዋላጇን ነበር፤ የሚስቱን መንታዎች የተቀበለችው እሷ ናት። ለሌላው መንገደኛ የሚነግረውን የጥንቃቄ መመሪያ ለእሷ ይዘለዋል። «እትዬ፣ እርስዎማ የቤት ሰው ነዎት» ይላታል።

ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከውሃ ስለሆነ ጎማው እንደታጠፈ ነው የሚከርመው። ያን ዕለት ግን ነዳጅ ሊሞላ ወደ አየር ማረፊያው ሄዶ ስለነበር ጎማው ተዘርግቶ ከሜዳ ተነሱ፤ ውሃ ላይ ከማረፉ በፊት ሊያጥፈው ይገባ ነበር። ሐይቁ ላይ ሲወርድ የመንታዎቹን ተንኮል እያወራላት ነበር። እንደ ልማዱ አፉ «ጎማ ታጥፏል» አለ፤ ዓይኑ ግን ጎማው መታጠፉን የሚያሳየውን መብራት አላየም።

ጎማው ውሃውን እንደነካ አውሮፕላኗ ባፍንጫዋ ተደፍታ በጀርባዋ ተገለበጠች። ቀበቶውን ፈታ፣ በሩን በእግሩ ገፋና ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ወጣ። ተንሳፋፊው ላይ ተንጠልጥሎ ትንፋሹ ሲመለስ አዋላጇ ትዝ አለችው። አንዴ ጠለቀ፤ ጨለማውን ሲያይ ፈርቶ ተመለሰ። ትንሽ አየር በተረፈበት ጥግ አፏን ቀና አድርጋ የቆየችውን ሴት ያወጧት በጀልባ የደረሱ ዓሣ አጥማጆች ናቸው።

እነሱም ሲጠልቅ አይተውት ኖሮ፣ ሊያወጣት ሲታገል ደረስን ብለው አወሩለት። ሰው ጀግና ሲለው አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ።

እሱና ሚስቱ ሆስፒታል ሊጠይቋት ሲሄዱ ክንዷ በጀሶ ታስሯል። ሚስቱ የባሏን ትግል ማውራት ስትጀምር መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«አልታገልኩም» አለ። «ፈርቼ ነው የተመለስኩት፣ እትዬ።»



«አውቃለሁ። እግርህን በመስኮቱ አይቼዋለሁ» አለችው አዋላጇ። «መፍራትህን አልፈርድብህም፤ የፈራ ሰው ሳይ ነው የኖርኩት። ግን ቀበቶው እንዴት እንደሚፈታ አንድ ቀን እንኳ አልነገርከኝም። በዳበሳ ስፈልገው ድንገት ተፈትቶ ቁልቁል ስወድቅ ነው ክንዴ የተሰበረው።»

ሚስቱ ዘወር ብላ አየችው። 

ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም። ወደቡ ላይ ቆሞ ለመንገደኞች ቀበቶና በር ያሳያል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ካልፈቱት አያሳፍራቸውም። አንዳንዱ ይነጫነጭበታል፤ እሱ ግን ደጋግሞ ያስፈታዋል።

አዋላጇ አሁን በጀልባ ነው የምትሻገረው። ስታልፍ እንደ ድሮው የመንታዎቹን ደኅንነት ትጠይቀዋለች። ደኅና ናቸው ይላታል፣ ዓይኑን ከጫማዋ ሳያነሳ።