ሰው ያልሞተበት ምዕራፍ

አማቴ የወንጀል ልብ ወለድ ወዳጅ ናቸው ብል ማንም አያምነኝም። ነጠላቸውን አጣፍተው ሶፋው ጫፍ ላይ ምስር ሲለቅሙ ያያቸው ሰው በልባቸው የሚጸልዩ ይመስለዋል። እሳቸው ግን የሚያስቡት ሬሳውን ባሕር ውስጥ ማን እንደጣለው ነው።

ሬሳውን የጣልኩት እኔ ነኝ።

ሥራዬ ሹፌርነት ነው። ጠዋት ከኦክላንድ የቢሮ ሠራተኞች ጭኜ ማውንቴን ቪው አራግፋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ መልሼ እወስዳቸዋለሁ። በመሐል ያሉትን አምስት ሰዓታት ጎረቤት ከተማዋ ሳኒቬል፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ውስጥ ነው የማሳልፋቸው። ሌሎቹ ሹፌሮች ወይ ይተኛሉ ወይ ፖለቲካ ይከራከራሉ። እኔ ስልኬ ላይ ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ታሪኩ የሚፈጸመው ከዚህ በስተደቡብ ባለች አንዲት ያረጀች የባሕር ዳር ከተማ ነው። ባለቤቴና እኔ አንድ ጊዜ ለመዝናናት ሄደን፣ ሞቴል ውስጥ ብርድ ልብስ ስንሻማ አድረን የተመለስንባት ከተማ ናት። የዓሣ ፋብሪካው ተዘግቷል፣ ወደ ባሕሩ የሚገባው የእንጨት መተላለፊያ ግማሹ ወድቋል፣ ጭጋጉ እስከ ቀትር አይነሣም። ባለቤቴ ሁለተኛ እንዳንመጣ አለች። እኔ ግን ሰው ለመግደል ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም ብዬ ወደድኳት።

የአማቴ ዓይን በሞራ ስለደከመ የጻፍኩትን የማነብላቸው እኔ ነኝ። ከሥራ ስገባ፣ እራት እስኪደርስ፣ አንድ ምዕራፍ። እሳቸው ምስራቸውን እየለቀሙ ይሰማሉ። ምስሩ በፕላስቲክ ታሽጎ የመጣ ስለሆነ ጠጠር የለውም። በጣታቸው እየዳሰሱ ይለቅማሉ እንጂ አይተዉትም።

ምዕራፍ ሁለት ላይ "ገዳዩ የሞቴሉ ባለቤት ነው" አሉኝ።

"እንዴት አወቁ?"

"ሰውዬውን ቡና ጋበዘው፣ አብሮት ግን አልጠጣም።"

ልክ ነበሩ። ያንን ሰው ለመደበቅ ሦስት ሳምንት ነበር የለፋሁት። ተናድጄ ገዳዩን ቀየርኩ። ምዕራፍ አምስት ላይ አዲሱንም ያዙት። "ይሄኛውማ ያስታውቃል፤ ሲናገር በጣም ጨዋ ነው።" እንደገና ቀየርኩ። በአማቱ ምክንያት ሁለት ገዳይ በነጻ የለቀቀ ደራሲ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

የምር የተጣላነው ግን በገዳይ አይደለም፤ በመርዶ ነው። ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ መርማሪው የሟቹን ሚስት በር ያንኳኳል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ባልሽ ሞቶ ተገኝቷል ይላታል። አማቴ ጣታቸው ምስሩ ላይ ቆመ።

"በር ላይ ቆሞ?"

"አዎ።"

"ብቻዋን?"

"እማማ፣ እዚህ አገር ፖሊስ እንዲህ ነው የሚያደርገው።"

"አገሩን ተወው። ይሄ ሰውዬ እናት አልወለደችውም? መርዶ ሲነጋጋ ነው የሚነገር። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ የሚደግፏት ሴቶች ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፣ ውሃ ይዘጋጃል። ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌ የሚናገረው።"

"በዚያች ከተማ ሽማግሌ ከየት አመጣለሁ?"

"ከየትም ፈልግ። ከተማዋን የሠራሃት አንተ አይደለህ?"

ምዕራፉን አስተካክዬ አመጣለሁ ብዬ ተነሣሁ።

በማግስቱ፣ ማክሰኞ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጬ ለመርማሪዬ ሽማግሌ ስፈልግ ባለቤቴ ደወለች።

"አጎቴ አረፈ። ደሴ። ሃርት አታክ ነው አሉ።"

አጎቴ የምትለው የእናቷን ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ስትሞት አዝለው ያሳደጉት አማቴ ናቸው። ስልሳ ዓመት ካለፈው በኋላም "ትንሹ" ነበር የሚሉት። እሑድ እሑድ በቪዲዮ ሲያወሩ፣ ድምፃቸው ያለስልክም ደሴ የሚደርስ እስኪመስለኝ ይጮኹ ነበር።

"ለእማዬ እንዳትነግራት" አለች ባለቤቴ እያለቀሰች። "ሽማግሌዎቹን ኮል አድርጌያቸዋለሁ። ሳን ሆዜ ናቸው፣ ሁሉም ሺፍት ስላለባቸው ከቅዳሜ በፊት አይችሉም። ቅዳሜ ጠዋት ይመጣሉ። እስከዚያ ኖርማል ሁን።"

"ኖርማል ስትዪ?"

"አንብብላት። እንደ ሁሌው።"

ሴራው በዚያው ቀን ተጀመረ። ባለቤቴ ከደሴ ሰው እንዳይደውል የእናቷን ስልክ ወሰደችና "አፕዴት እያደረገ ነው" አለቻቸው። አራት ቀን የፈጀ አፕዴት። ይህን ሁሉ ኮምፒውተር የሚሠራ ሰው በሚኖርበት አካባቢ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም። የእኔ ድርሻ ደግሞ ምዕራፍ ዘጠኝን መደበቅ ነበር። ወንድሟ ለሞተባት ሴት፣ ሞቱን ሳትሰማ፣ የመርዶ ታሪክ ተቀምጬ ላነብላት አልችልም።

ስለዚህ ማክሰኞ ሌላ ምዕራፍ ጻፍኩ። መርማሪው ቁርሱን በላ፣ የባሕር ወፎች ተመለከተ፣ ቤቱ ገባ። ረቡዕ የመኪናውን ጎማ ቀየረ። ሐሙስ ጥርሱን ሊታይ ሄደ፤ ጥርሱም ደህና ሆኖ ተገኘ። እኔ ራሴ ሳነበው እንቅልፌ መጣ። አማቴ ግን ሦስቱንም ቀን ዝም ብለው ሰሙ። ገዳዩ ይሄ ነው አላሉም፣ አላሾፉብኝም። ያ ዝምታ አስፈራኝ።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ስልኬን ከመክፈቴ በፊት የምስሩን ትሪ ወደ ጎን አደረጉት። ባለቤቴ ገና ከሥራ አልገባችም።

"መርማሪህን ምን ነካው?" አሉኝ።

"ምን ሆነ?"

"ስምንት ምዕራፍ ሙሉ ሰው ስትገድል ከርመህ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ሰው እንኳ አላሳመምክም።"

ሳቅሁ። ሳቄ ለራሴም አስጠላኝ። "ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው።"

"እሱስ ይረፍ። ስልኬስ? ልጄስ ቤት ከመግባቷ በፊት መኪናዋ ውስጥ ይህን ያህል የምትቆየው ለምንድን ነው? ዛሬ ጠዋት ደግሞ ቁም ሳጥኑን ስዳብስ ጥቁር ቀሚሴ ይሞቃል። ማን ተኮሰው?"

ብድግ ብዬ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ። የሄድኩት ለመሸሽ ነበር፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ቧንቧው አጠገብ ትንሽ ቆሜ ስመለስ እጄ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ድምፁን ሰሙ። እጃቸውን ዘርግተው ብርጭቆውን ነኩት።

"ውሃ ጠየቅኩህ?"

አልጠየቁኝም ነበር።

"ትንሹ ነው?" አሉ።

እግራቸው ሥር ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩና እጃቸውን ያዝኩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያለ ድምፅ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ለእሳቸውም፣ ለሟቹም፣ አንድ ምስጢር እንኳ አራት ቀን መያዝ ላቃተኝ ለእኔም።

ቆይተው ፊታቸውን ጠረጉ። "ሽማግሌ ጠርታችኋል?"

"ነገ ጠዋት ይመጣሉ። ከሳን ሆዜ።"

"ይምጡ። ማወቄን ግን ልጄ እንዳትሰማ።"

"እማማ፣ አንዴ ካወቁማ እነሱን ምን ያለፋቸዋል?"

"ማን ነገረኝና ነው የማውቀው? አንተ ውሃ ሰጠኸኝ እንጂ ምን አልክ?" ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱ። "ለትንሹ ሶፋ ላይ ብቻዬን አልቅሼ አልቀርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ቆሞ ነው የሚለቀስለት። የዚያች ከተማህን ሴትዮ መሰልኩህ?"

የባለቤቴ መኪና ሲቆም ትሪውን መልሰው ጭናቸው ላይ አደረጉ።

ቅዳሜ ገና ሲነጋጋ ሦስት ሽማግሌዎችና ሁለት ሴቶች መኪናቸውን መንገዱ ጥግ አቁመው በእግራቸው መጡ። ሴቶቹ ገብተው የአማቴ አልጋ ላይ ግራና ቀኛቸው ተቀመጡ፣ ባለቤቴ በሩ ጋ ቆመች። አማቴ ራሳቸውን ቀና አደረጉና "በጠዋቱ ምን እግር ጣላችሁ?" አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ልጽፍ ብሞክር ማንም አያምነኝም ነበር። ታላቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጀመረ፣ ድምፁ ተቆረጠበት። ሰውዬው ከሳን ሆዜ ድረስ ሲለማመደው የመጣው ንግግር ጠፋው። አማቴ እጃቸውን ወደ ድምፁ ዘረጉና ክንዱን ያዙት።

"በል ተናገር፣ ወንድሜ" አሉት።

ተናገረ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ለቅሶ ማስመሰል አልነበረም። ከትናንት ጀምሮ አፍነውት የቆየ ድምፅ ነው፤ ቤቱን ሞላው፣ ሴቶቹም ደግፈው አብረው አለቀሱ። አማቴ ከአልጋው ተነሥተው ቆመው "ትንሹ፣ ትንሹ" እያሉ ደረታቸውን ሲመቱ፣ ለምን ይህን ሰዓት እንደጠበቁት ያኔ ገባኝ።

ረፋዱ ላይ ሽማግሌው በረንዳ ላይ አገኘኝና ትከሻዬን ያዘኝ። "ጎበዞች ናችሁ። ምንም ሳይጠረጥሩ አቆያችኋቸው።" አመሰገንኩት። ባለቤቴም እንደዚያው ታምናለች፤ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ስለዚያ አፕዴት ስታወራ ኩራቷ አይጣል ነው። ይህን ካነበበች ዛሬ ማወቋ ነው። ይቅርታ።

ከአርባው በኋላ አንድ አመሻሽ አማቴ "ያቺን ሴትዮ ምን አደረግሃት?" አሉኝ።

ምዕራፍ ዘጠኝን አነበብኩላቸው። በአዲሱ ምዕራፍ መርማሪው ጎሕ ሲቀድ በየበሩ ያንኳኳል። ጭጋጉ ውስጥ የሞቴሉ ባለቤት ካፖርቱን ደርቦ ይወጣል፣ የምግብ ቤቷ አሳላፊ ትመጣለች፣ ዓሣ አጥማጁም ውሃ በብርጭቆ ይዞ ይመጣል። መርዶ የሚባል ነገር ሰምተው የማያውቁ ሰዎች፣ ሁሉም በየተራ ተጠርጥረው የነበሩ፣ ሴትየዋ በር ላይ ተሰብስበው ይቆማሉ። መርማሪው ባርኔጣውን አውልቆ መናገር ይጀምራል።

አማቴ እስከ መጨረሻው ሰሙ። "ጥሩ ነው" አሉ። "ብቻዋን አልሆነችም።"

ደስ አለኝ። ከዚህ ምዕራፍ በላይ የደከምኩበት የለም።

"ገዳዩ ግን ዓሣ አጥማጁ ነው" አሉ።

"እንዴት አወቁ?"

"ሳይጠየቅ ውሃ ይዞ መጣ" አሉና ጠጠር ወደሌለው ምስራቸው ተመለሱ።