የተነቀለችው ሽቦ

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው አንድ ደንብ ነበረው፤ ፊውዝ ተቃጥሎ ካገኘ፣ ምን እንዳቃጠለው ሳያውቅ ሌላ አይተካም። «ፊውዝ የሚሞተው በሌላው ጥፋት ነው» ይላል። ኤሲው አልቀዘቅዝ ያለ መኪና ሲመጣለት ከባትሪው ይነሣና ፊውዙን፣ ሪሌውን፣ ማብሪያውን እየነካካ፣ ኃይሉ የተቋረጠበትን ቦታ እስኪደርስበት ይከተለዋል። እንዲህ ያለው ሰው ግን የራሱ መኪና ኤሲ አይሠራም ነበር።

ሚስቱ አትምረውም። «የሰው መኪና አብራጅ፣ የራሱ ምድጃ!»

«ዕቃው ከገበያ ጠፋ እኮ፤ ምን ላድርግ» ብሎ ያልፈዋል።

እውነቱ ሌላ ነው። ሚስቱ ታማ ነበር፤ ሕመሙ ከጠናባት ወዲህ ብርድ አጥንቷ ድረስ ይገባ ነበር። በበጋ ቀትር፣ ሹራብ ደርባ በጎኑ ወንበር ሐኪም ቤት ሲወስዳት፣ እሱ በላብ ሲጠመቅ ታያለች። «ለእኔ ብለህ ልትቀቀል ነው?» ትልና ራሷ ኤሲውን ትከፍተዋለች፤ ከዚያ ጥርሷን ነክሳ ትንቀጠቀጣለች። እንድትተወው ቢለምናት እምቢ አለች። አንድ ጠዋት ኮፈኑን ከፍቶ ኤሲውን ከሚያሠራው ኮምፕረሰር የምትመለሰውን ሽቦ ነቀላት። ኤሌክትሪክ መመለሻ ካጣ መሄዱም ይቀራል። ዕድሜውን ሙሉ ለመጠገን የተማረውን ሙያ፣ ያን ቀን ለማበላሸት አዋለው።

ሚስቱ ተቀበረች። ሽቦዋ እንደተነቀለች ቀረች።

ሴት ልጁ ወለደች። ሕፃኗን ይዛ ወዲያ ወዲህ የምትለው በዚያችው መኪና ነበር።

«አባዬ፣ ልጅቷን ሙቀቱ ሽፍ አደረጋት እኮ! ኤሲውን ሥራልኝ ብልህ ብልህ ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ። ሙያህን ረሳኸው እንዴ?»

«አየዋለሁ አልኩሽ።»

«አየዋለሁ፣ አየዋለሁ! እማዬም ሰበብህን እየሰማች አለፈች።»

አንዱን ውሸት ለሁለት ሰው መዋሸት ከበደው።

«አልተበላሸም» አላት። «እኔ ነኝ የነቀልኩት። እናትሽን እንዳይበርዳት።»

ልጅቱ ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «እማዬ ታውቅ ነበር?» አለችው።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ።»

ስንት ጊዜ አስቦበታል! የሚወዱትን ሰው የዋሸ፣ ውሸቱ ሳይነቃበት ቀርቶ እንደሆነ፣ ወይስ ታውቆ ተትቶለት፣ በምን ያውቃል? የሚጠየቀው ሰው አንዴ ከሄደ፣ ይህ በየትኛውም መፈተሻ አይገኝም።

ኮፈኑን ከፈተ። የሽቦዋ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። ዓይኑን ጨፍኖ የሚሠራት ሥራ ነበረች፤ ዛሬ ግን ደጋግሞ ፋቃት፣ ደጋግሞ ጠረጋት። ሽቦዋን ቦታዋ መመለስ፣ ከእንግዲህ የሚበርዳት ሚስት የለችም ብሎ መፈረም መሰለው። በመጨረሻ አሰራት።

መሪው ላይ ተቀምጦ ሞተሩን አስነሣ። ኮምፕረሰሩ ቀጭ ብሎ ያዘ፤ ቀዝቃዛው አየር መጣ።

«እፎይ! ነፍስ ዘራህብን፣ አባዬ» አለች ልጁ ከኋላ ወንበር።

እሱ እጁን ዘረጋና፣ ባዶውን የጎን ወንበር የሚያየውን የአየር መውጫ ቀስ ብሎ ዘጋው።